አንድ፣ ሁለትና አራት ሲደመሩ ስንት ነው?

አንባቢዎቼ ሆይ! ይህን ጥያቄ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብታቀርቡለት የተናቀ መስሎት ፊቱን ያዞርባችኋል። ሰባት ነዋ! እኔም የሒሳብ አስተማሪ እንደ መሆኔ መጠን ያለ አንዳች ጥርጥር ሰባት ነው ስል ኖሬአለሁ። ነገር ግን በወላይታ ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ አንድ የቤት ወለል አለ፤ ያ ወለል መልሱ ሁልጊዜ ሰባት አለመሆኑን እስከ ዛሬ ድረስ በአቧራው ይመሰክርብኛል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ወለልና ስለ ሲሚንቶ አለካክ ነው።

ርእሱን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሶዶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። በከተማይቱ ብቻ ሳይሆን በአረካም በቦዲቲም በየመንደሩ ብታልፉ በደጃፉ አሸዋና ጠጠር ያልተከመረበትን ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። የሚሠራው ሰው ደግሞ ባለጠጋ ብቻ አይደለም። ከደመወዙ ላይ እየቈነጠረ ዕቁብ የሚጥለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አባቱ አንድ ክፍል ቀጥሎ ሊያከራይ ያሰበለት ተማሪ፣ እነዚህ ሁሉ ከግንበኛ ጋር ቁመው «ስንት ከረጢት ይበቃል?» ይባባላሉ። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ በግምት ይሰጣል። ግምቱ ከበዛ ገንዘብ ይባክናል፤ ካነሰ ደግሞ ምን እንደሚሆን እኔ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ሲሚንቶ ከገበያ እየጠፋ፣ ሲገኝም ዋጋው አልቀመስ ብሎ ሰው ሁሉ ተቸግሮ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት በአነስተኛ ደመወዝ የሚያገለግለው ታላቅ ወንድሜ የዕቁብ ዕጣ ደረሰውና የሳሎኑን ወለል አርማታ ሊያስሞላ ቈረጠ። እኔ በዚያው ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ማስተማር ጀምሬ ነበርና «ሒሳቡን ለእኔ ተወው» ብዬ ደብተሬን አወጣሁ።

ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ የአርማታው ውፍረት 10 ሴንቲ ሜትር ነበር። 5 በ4 በ0.10 ሲባዛ 2 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር እንዲሆን ግንበኛው ነግረውናል። አንድ፣ ሁለትና አራት ሲደመሩ ሰባት ስለ ሆኑ 2ን ለ7 አካፈልሁ፤ የሲሚንቶው ድርሻ 0.286 ሜትር ኪዩብ ሆነ። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ሲፈታ 35 ሊትር ያህል፣ ማለት 0.035 ሜትር ኪዩብ ይሞላል። ሲካፈል 8 ከረጢትና ትንሽ ትርፍ መጣ። «ዘጠኝ ከረጢት ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል!» ብዬ ፈረድሁ። አሸዋውና ጠጠሩ ከመሠረቱ ሥራ የተረፈ ብዙ ስለ ነበረ ስለ እርሱ አላሰብንም።

በዕድሜ የገፉት ግንበኛ ደብተሬን አይተው፣ «መምህር፣ ዘጠኝ ከረጢት ይበቃናል ብለህ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሒሳቡ እኮ ተሠርቷል» አልኋቸው። እርሳቸውም የተማረ ሰው ማሳፈር አልፈለጉ ይሆናል፤ ዝም አሉ።

እሑድ ጧት ሥራው ተጀመረ። እኩለ ቀን ላይ ሰባቱ ከረጢት አለቀ፤ የተሞላው ግን ከ20 ካሬ ሜትር 11ዱ ብቻ ነበር። ወንድሜ ሲሚንቶ ፍለጋ ከተማውን ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዳሞታ አናት ላይ ደመና መጥቆር ጀመረ። ግንበኛው፣ «እዚህ ላይ በጣውላ ገድበን እናቁመው፤ ሲሚንቶ ሲገኝ እንቀጥላለን» አሉ። ምክራቸው ትክክለኛ ምክር ነበር። ነገር ግን ወንድሜ የቀን ሠራተኞቹ ሒሳብ በከንቱ ሊሄድበት ነው ብሎ ፈራ፤ እኔም ስሕተቴ ገሐድ ሊወጣ ነው ብዬ አፈርሁ። ስለዚህ «በቀረው እናዳርሰው» ብለን አስጨነቅናቸው። ለቀረው 9 ካሬ ሜትር 6 ከረጢት ያህል የሚያስፈልገው ሲሆን፣ በሁለት ከረጢት አሸዋና ጠጠር ቈልለንበት፣ ድብልቁ አልላላ ሲል ውሃ እየጨመርንበት ሞላነው። ሲያልቅ ሁሉም አንድ ዓይነት መስሎ ታየን፤ ሰውም እንኳን ደስ ያላችሁ አለን።

ዛሬ የዚያ ሳሎን ግማሹ በጨርቅ ሲታሽ ያበራል። ሌላው ግማሽ ግን የወንበር እግር በጎተተው ቍጥር ይቦረቦራል፤ በየዕለቱም ይዱቃል። የወንድሜ ሚስት ጧት ጧት መጥረጊያዋን ይዛ የምታወጣው አቧራ ከመንገድ የመጣ አይደለም፤ የእኔ የሒሳብ ስሕተት ነው።

ለመሆኑ ስሕተቱ ምን ላይ ነው? በማካፈሉ አይደለም፤ በመደመሩ ነው። አንድ ቁና ባቄላ ስፈሩና በላዩ ዱቄት እየነሰነሳችሁ ቁናውን ነቅንቁት። ብዙ ዱቄት ይገባል፤ ቁናው ግን አይፈስም። ዱቄቱ የሚገባው ባቄላና ባቄላ በሚለያዩበት ባዶ ቦታ ነውና። አርማታም እንዲሁ ነው። አሸዋው በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ ሲሚንቶና ውሃው ደግሞ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ይገባል። ይህን ኋላ በክፍሌ ለተማሪዎች አሳይቻለሁ። አንድ ብርጭቆ ሲሚንቶ፣ ሁለት ብርጭቆ አሸዋና አራት ብርጭቆ ጠጠር በልክ ውሃ ለውሰን በደንብ ጠቅጥቀን ብንለካው የወጣው ሰባት ብርጭቆ ሳይሆን አራት ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ ለርእሳችን ጥያቄ በጥቍር ሰሌዳ ላይ መልሱ ሰባት ሲሆን፣ በግንበኛ ሜዳ ላይ አራት ተኩል ነው።

የሙያው ሰዎች ይህን በአንድ ቍጥር ያርሙታል፤ ቍጥሩም 1.54 ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ የተጠቀጠቀ አርማታ ለማግኘት 1.54 ሜትር ኪዩብ ያህል ደረቅ ዕቃ ያስፈልጋል ማለት ነው። እኔ መሥራት የነበረብኝ ሒሳብ እንደሚከተለው ነበር። 2 ሜትር ኪዩብ በ1.54 ሲባዛ 3.08 ይሆናል። ይህ ለ7 ሲካፈል አንዱ እጅ 0.44 ሜትር ኪዩብ ነው። ስለዚህ አሸዋው ሁለት እጅ፣ ማለት 0.88፤ ጠጠሩ አራት እጅ፣ ማለት 1.76 ሜትር ኪዩብ ነው። የሲሚንቶው 0.44 ለ0.035 ሲካፈል 12 ከረጢት ተኩል አልፎ ይገኛል፤ 13 ይገዛል። የሚፈሰውና የሚባክነው ሲታሰብ ደግሞ 14ኛውን መያዝ ብልህነት ነው። እኔ ግን የገዛሁት ዘጠኝ ነው!

ደብተር ማውጣት ለሚታክተው ሰው በቃል የሚያዝ አጭር ደንብ ልስጥ። በአንድ ለሁለት ለአራት ድብልቅ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ወለል፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ይሸፍናል። የወለላችሁን ስፋት ለአንድ ተኩል አካፍሉ፤ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ሙሉ ቍጥር አድርሱት፤ በቃ።

ከወለል የበለጠ ጥንካሬ ለሚፈልገው ለዓምድና ለመሳሰለው ጠጠሩ ይቀነስና አንድ ለሁለት ለሦስት ይደረጋል። በዚህ ድብልቅ ለአንድ ሜትር ኪዩብ 7 ከረጢት ከሢሶ ያህል ይገባል። 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ ቁመታቸው 3 ሜትር የሆነ ስድስት ዓምዶች ቢኖሩአችሁ ጠቅላላው 0.72 ሜትር ኪዩብ ስለሚሆን 6 ከረጢት ይበቃቸዋል። ሆኖም አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ የዓምዱን ውፍረትና የፌሮውን ብዛት መወሰን የመሐንዲስ ሥራ እንጂ የደብተር ሥራ አይደለም። ሶዶ የምትገኘው የመሬት መንቀጥቀጥ እንግዳ ባልሆነበት በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነውና በዚህ ረገድ መሳሳት አቧራ በመጥረግ ብቻ የሚያልፍ አይሆንም።

በአሜሪካ አገር ይህን ሁሉ ራስ ምታት ለማስቀረት ሲሚንቶውን፣ አሸዋውንና ጠጠሩን አንድ ላይ ደባልቀው በከረጢት ይሸጣሉ፤ ገዢው ውሃ ብቻ ይጨምራል። 80 ፓውንድ፣ ማለት 36 ኪሎ የሚመዝነው ከረጢት 17 ሊትር ያህል አርማታ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ከረጢት መቍጠር ብቻ ነው። የእኛ ከረጢት ግን ሲሚንቶ ብቻ የያዘ ስለ ሆነ የፋብሪካውን የመደባለቅ ሥራ በደጃፋችን የምንሠራው እኛው ነን። ሲሚንቶው ራሱ ከሙገር፣ ከደርባ ወይም በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከለሚ ፋብሪካ ተጭኖ ወላይታ እስኪደርስ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ የጭነቱም ዋጋ በከረጢቱ ላይ ይታሰባል። ይህን ያህል መንገድ ያቋረጠ ዕቃ በአካፋ ግምት ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል።

አካፋ መለኪያ አይደለም። ሲሚንቶ በአካፋ ላይ ተንሸራቶ ዝቅ ይላል፤ እርጥብ አሸዋ ግን ይቈለላል። ጧት በጕልበት የሚሞላው አካፋና ከሰዓት በኋላ በድካም የሚሞላውም አንድ አይደሉም። መድኃኒቱ የጣውላ ሣጥን ነው። ውስጡ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ እነዚህ ሲባዙ 35 ሊትር ይሆናሉ። ይህም ልክ የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ነው። ሣጥኑ አሸዋ ሲሞላ ከ50 ኪሎ በላይ ስለሚከብድ ሁለት ሰው እንዲያነሣው በግራና በቀኝ እጀታ ይበጅለት። ከዚህ በኋላ ሲሚንቶ መስፈር አያስፈልግም። አንድ ከረጢት ሙሉውን ይፈታል፤ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ አራት ሣጥን ጠጠር ከአፉ ጋር ተስተካክሎ ይጨመራል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይህን ቈጥሮ ሊቆጣጠር ይችላል።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚንቀው ወደ ውሃ እንምጣ። ውሃ በነፃ ወይም በርካሽ ስለሚገኝ የሚቈጥረው የለም። ዳሩ ግን በአርማታ ውስጥ እጅግ ውድ የሆነው ዕቃ ያለ ልክ የገባ ውሃ ነው። ሲሚንቶ የሚደድረው ስለሚደርቅ አይደለም፤ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ወደ ድንጋይነት ስለሚለወጥ ነው። ለዚህ ውሕደት የሚያስፈልገው ውሃ ከሲሚንቶው ክብደት ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ ለአንድ ከረጢት 12 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ የምንጨምረው ድብልቁ እንዲታሽና ቅርጽ እንዲይዝ ስንል ነው። ይህ ትርፍ ውሃ ኋላ ተንኖ ሲሄድ ስፍራው ባዶ ቀዳዳ ሁኖ ይቀራል። ብዙ ውሃ ማለት ብዙ ቀዳዳ ማለት ነው።

ዳፍ ኤብራምስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በቺካጎ ከተማ እጅግ ብዙ የአርማታ ናሙናዎችን እየሰበረ ከመረመረ በኋላ በ1918 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በደንብ መልክ አወጣው፤ የአርማታ ጥንካሬ የሚወሰነው በውሃውና በሲሚንቶው መጠን ንጽጽር ነው አለ። በከረጢት ስንተረጕመው እንዲህ ይሆናል፤ ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ የገባበት አርማታ፣ 35 ሊትር ከገባበት ጋር ሲነጻጸር ሁለተኛው የጥንካሬውን ሢሶ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ያጣል። የጨመርነው 10 ሊትር፣ ማለት ግማሽ ጄሪካን ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፤ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከአንድ ተኩል አይለፍ። ዝናም የመታው አሸዋ ራሱ ውሃ ተሸክሞ ስለሚመጣ በክረምት ከዚህም ይቀነሳል። በሠራተኛው ዘንድ ላላ ያለ ድብልቅ ይወደዳል፤ ለመሳብም ለመዘርጋትም ይቀላልና። እናንተ ግን ጠጠር ያለውን ጠይቁ፤ ድካሙን በመጠቅጠቅ ይወጡት።

ለዚህ ምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የቆመውን፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የጊቤ ሦስት ግድብ አስቡት። ቁመቱ 243 ሜትር ነው። የተሠራውም ውሃው እጅግ ከመቀነሱ የተነሣ ልክ እንደ እርጥብ አፈር በሆነ አርማታ ነው። እየተነጠፈ መንገድ የሚጠቀጥቀው ከባድ ሮለር በላዩ ይሄድበት ነበር። ያ ዓይነት አርማታ ለሳሎናችን አይሆንም፤ እኛ ሮለር የለንም። ትምህርቱ ግን ይሆናል። ያንን ሁሉ ውሃ የገደበው፣ በራሱ ሆድ ውስጥ ውሃ ያላበዛው አርማታ ነው።

የቀሩትን ምክሮች ባጭሩ ልለፋቸው። የወላይታ አፈር ቀይና የሚጣበቅ ነው፤ ስለዚህ በባዶ መሬት ላይ አታቡኩ፤ ቆርቆሮ ወይም ሸራ አንጥፉ። አሸዋ ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂቱን በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጣችሁ ለጥቂት ሰዓት አስቀምጡት፤ አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ተለይቶ ይተኛል። ጭቃው ከመቶ 6 እጅ ካለፈ አሸዋው ሳይታጠብ አይገባም። ሲሚንቶውን ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ አኑሩት፤ በእጅ ሲጨበጥ የማይፈርስ ጓል ካገኛችሁበት ለአርማታ አይሁን። የተለወሰውንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሱት፤ እየደረቀ ሲሄድ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ክልክል ነው።

ከተሞላም በኋላ ሥራው አላለቀም። አርማታ እንደ አራስ ነው፤ መታረስ ይፈልጋል። ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት፣ ሳይደርቅ በእርጥበት ይቈይ። ማዳበሪያ ከረጢት አልብሳችሁ ውሃ አርከፍክፉበት፤ ወይም ከጓሯችሁ የኮባ ቅጠል ቍረጡና አልብሱት፤ ወላይታ እንሰት ያልተተከለበት ጓሮ እምብዛም የለውምና። በሰባተኛው ቀን የሚያገኘው ጥንካሬ በ28ኛው ቀን ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው፤ የቀረው በትዕግሥት ይመጣል። እንግዲህ ውሃ ሲለወስ ጠላት፣ ከደደረ በኋላ ግን ወዳጅ መሆኑን ልብ በሉ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ ሲሚንቶ ካነሰ አቁሙ። ጣውላ ገድባችሁ ማቆም ነውር አይደለም። ወለሉ ላይ አንድ መሥመር ይቀራል፤ መሥመሩ ግን አይዱቅም። እኔና ወንድሜ ያን ዕለት ያዳንነው የአንድ ቀን የሠራተኛ ሒሳብና የእኔን ክብር ነው፤ የከፈልነው ግን እነሆ እስከ ዛሬ ተከፍሎ አላለቀም።

ወንድሜ ዘንድሮ በጓሮው በኩል አንድ ክፍል ሊጨምር ተነሥቷል፤ የበሰበሰውንም የሳሎን ግማሽ አብሮ አስነሥቶ እንደ ገና ሊያስሞላው ነው። ባለፈው ሰንበት የሣጥኑን ጣውላ ገዝቼ፣ በሜትር ለክቼ፣ ሠርቼ ወሰድሁላቸው። ሚስቱ መጥረጊያዋን እንደ ያዘች ሣጥኑን ገልብጣ አየችውና፣ «መምህር፣ ዘንድሮስ ሒሳቡን የሚሠራው ማን ነው?» አለችኝ።

«ሣጥኑ ነው» አልኋት።

እኒያ ሽማግሌ ግንበኛም አሉ። ደብተሬን አሳየኋቸው፤ ለ9 ካሬ ሜትሩ 6 ከረጢት ይላል። ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ሰባት አድርገው» አሉኝ። አደረግሁት።